ቡካነን መንገድ ጥግ ያለው ያ ትልቅ ጋራዥ፦ የፈረስ ቤት ነበር እንዴ?

እሑድ እሑድ ደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም የምንሳለም ሰዎች ያንን ሕንፃ እንኳን እኛ መኪኖቻችንም ያውቁታል። መቆሚያ ፍለጋ ከ14ኛው ወደ ቡካነን፣ ከቡካነን ወደ ዲኬተር ስንዞር የምንታከከው እሱን ነው። ጫፍና ጫፉ የማይታይ የጡብ ሕንፃ። እኔ ዋሽንግተን ስመጣ የሜትሮ፣ የከተማው ትራንስፖርት ድርጅት፣ ባሶች ማደሪያ ነበር። በፈረንጅ 2019 ተዘጋ፤ አሁን ታጥሮ ግንባታ ላይ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የ9 ዓመቱ ልጄ ይህ ቤት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የባስ ጋራዥ ነው አልኩት። ከባስ በፊትስ ብሎ ሲያፋጥጠኝ፣ ድሮ አንድ ሰው ሲናገር የሰማሁትን ይዤ፣ የፈረስ ቤት ነበር፣ ያኔ ሰው የሚሄደው በፈረስ ጋሪ ነበር ብዬ ዘጋሁት። ልጁ ቀና ብሎ ሕንፃውን አየና ለፈረስ ይህን የመሰለ ቤት ማን ይሠራል ብሎኝ ወደ መኪናው ገባ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከነከነኝ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ እውነት የፈረስ ቤት ነበር? ካልሆነስ ምን ነበር?

ይህን ብዬ ለጠፍኩ። በአራት ቀን ውስጥ መልሱ 34 ደረሰ፣ ከዚያ ክሩ፣ ማለትም የውይይቱ ሰንሰለት፣ ተዘጋ። ዘግይተው የመጡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ታከተን ስላሉኝ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬአለሁ። ያሳጠርኩበት ሰው ይቅር ይበለኝ።

1. የመጀመሪያው ሰው በሰላምታና በትሕትና ነው የገባው። ልጄን ካመሰገነ በኋላ ፈረሱ ስሕተት መሆኑን በለስላሳው ነገረኝ። ቤቱ ከመሠረቱ የኤሌክትሪክ ትራም ማደሪያ ተብሎ በ1899 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ነው። ያሠራው ካፒታል ትራክሽን የሚባል የትራም ኩባንያ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ዉድ፣ ዶን ኤንድ ዴሚንግ የተባለ የአርክቴክቶች ቢሮ ነው። በ2013 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል። በፈረስ የሚጎተት ትራም ከተማዋ ውስጥ የጀመረው በ1862 እንደሆነና ይህ ቤት ሲቆም ግን ፈረሶቹ ጡረታ ከወጡ መቆየታቸውን ጨምሮልኛል።

2. ሁለተኛው 20 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። በዚያ በር ፊት ለፊት ስንት ሰው ጭኖ ስንት ሰው እንዳወረደ እግዜር ይወቀው ብሎ፣ ቀና ብሎ አይቶት እንደማያውቅ ነው የነገረን። መንገደኛ እንጂ ሕንፃ ማን ያያል አለ።

3. ሦስተኛው እሳት ጎርሶ መጣ። በ1862 ፈረስ፣ በ1899 ኤሌክትሪክ፣ በ2013 መዝገብ፤ የመጀመሪያው ሰው ቁጥር ይደረድራል እንጂ አንዱንም አያውቅም ባይ ነው። አንድ ድረ ገጽ ላይ 1906 የሚል አይቷልና፣ ታሪክ የማያውቅ ሰው ቢያርፍ ይሻላል ብሎ ደመደመ።

4. ይችኛዋ እህት እሳቱን በውኃ አጠፋችው። የመጀመሪያው ሰው ጥፋቱ የአበሻንና የፈረንጅን አቆጣጠር በአንድ ትንፋሽ መቀላቀሉ ብቻ ነው፤ የእኛ 1899 በነሱ 1906 እና 1907 ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ሁለታችሁም አንድ ነገር ነው የምትሉት አለች። ደግሞም አንድ ነገር ጣለችልን፦ ይህ ቤት ሲሠራ የእኛው ባቡር በፈረንጅ ከ1902 ጀምሮ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ አዲስ አበባን ይጠባበቅ ነበር፤ አጼ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ያዩትም በዚያው ሰሞን ነው። ሦስተኛው ሰው ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን አውራ ጣት ሰጥቷታል። ከዚህ በታች ያለው ዓመትም ወርም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

5. አምስተኛው በሙያው ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ጥያቄውም የሙያ ነው። የድሮ ዋሽንግተን ፎቶዎች አይቷል፣ ትራሙም ሐዲዱም ይታያል፣ ሽቦ ግን የለም። አዲስ አበባ ላይ ትራሙ ከራሱ በላይ ሽቦ ይዞ ነው የሚሄደው። እዚህ ኃይሉን ከየት ነበር የሚያመጣው? በባትሪ እንዳትሉኝ ብሎ አስቀድሞ አስጠነቀቀ።

6. ይህ ክር ዋጋ ያገኘው በዚህ ሰው ነው። የድሮ የትራም ፎቶ ይሰበስባል፣ ስለ ጉዳዩ ሲጽፍም አይቸኩልም። እንዲህ አስረዳን፦ ዋሽንግተን ውስጥ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትራም በጥቅምት 1888 ወደ ኤኪንግተን ሰፈር ሲሄድ እንደማንኛውም ትራም ከላይ ሽቦ ነበረው። ኮንግረስ ግን ዋና ከተማዬ በሽቦ መረብ አትበላሽም ብሎ በዓመቱ ከለከለ። ክልከላው የሚይዘው ያኔ ከተማ የሚባለውን፣ ማለትም ዛሬ ፍሎሪዳ አቬኑ ከምንለው መንገድ ወደ ታች ያለውን ነው። ኩባንያዎቹ መላ ፈለጉ። አንዱ ከመሬት በታች በሚሮጥ የብረት ገመድ ትራሙን ማስጎተት ነበር። ገመዱን የሚያሽከረክረው ማሽን ቤት 14ኛውና ኢ መንገድ ላይ፣ ዛሬ የከንቲባዋ ጽሕፈት ቤት ባለበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር፤ በመስከረም 1897 በእሳት ጋየ፣ ለጊዜውም ፈረሶች ከጡረታ ተጠርተው ጎተቱ። ባለቤቱ ካፒታል ትራክሽን ያንን ከመጠገን ይልቅ፣ ሌላው ተፎካካሪ ከ1895 ጀምሮ 9ኛው መንገድ ላይ ወደሞከረው ዘዴ ዞረ።

ዘዴው ይህ ነው፦ በሁለቱ ሐዲዶች መሐል ርዝመቱን ሙሉ አንድ ቀጭን ክፍተት አለ፣ ስፋቱ ከአንድ ኢንች ያነሰ። ከክፍተቱ ሥር ቦይ አለ። በቦዩ ውስጥ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ሁለት ብረቶች ተዘርግተዋል። ከትራሙ ሆድ አንድ ጠፍጣፋ ነገር በክፍተቱ በኩል ወደ ቦዩ ይወርድና ሁለቱን ብረቶች እየዳበሰ ይሄዳል። ኃይሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። የዚህ ጠፍጣፋ ነገር ስሙ ፕላው ነው፣ በእኛ ቋንቋ ማረሻ።

7. ጎጃም ተወልዶ ያደገ ነኝ ያለው ወንድም ይህን ሲያነብ መታገሥ አልቻለም። ከ30 ዓመት በኋላ ዋሽንግተን መሐል ማረሻ አገኘሁ ብሎ ፈነደቀ። ማረሻ አለ፣ ትልም አለ፣ ትራሙ በሬ ነው፣ ነጂው አራሽ፤ የጎደለው ጅራፍ ብቻ ነው አለ። ሞፈሩ የቱ ጋ እንደሆነ ንገሩኝ ብሎም ጠየቀ።

8. ኤሌክትሪሺያኑ ቀልዱን አልወደደውም። 600 ቮልት የተሸከመ ነገር መንገድ ሥር ተቀብሮ እየተወራ ስለ በሬ ታወራላችሁ ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ግን ጥያቄው ራሱ አስደሰተው መሰለኝ ረጅም ጻፈ። ከላይ ሽቦ ያለው ትራም አንዱን በሽቦ ተቀብሎ ሌላውን በሐዲዱ ይመልሳል፤ ይህኛው መሄጃውም መመለሻውም ቦዩ ውስጥ ስለሆነ ሐዲዱ ከኤሌክትሪክ ነጻ ነው። እግረኛ ቢረግጠው ምንም አይሆንም። ግን ዝናቡስ? በረዶውስ? ክፍት ቦይ መንገድ መሐል?

9. ስድስተኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ዝናቡ በፍሳሽ ይወጣ ነበር፣ ችግሩ ከዝናብ ይልቅ ቅጠልና ቆሻሻ፣ ከሁሉም በላይ በረዶ ነው አለ። ሥራውም ጥገናውም እንደ ጉድ ገንዘብ ይበላል፣ ስለዚህ ኩባንያዎቹ ክልከላው በሌለበት ዳር ዳር ወደ ሽቦ ይመለሱ ነበር። አንድ ትራም ከከተማ ሲወጣ ቦዩ የሚያበቃበት፣ ሽቦው የሚጀምርበት ቦታ ይደርሳል። እዚያ መንገድ ሥር ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው አለ። ትራሙ ከላዩ ላይ ይቆማል፣ ሰውየው ማረሻውን ከሥር ይፈታል፣ ከላይ ደግሞ ምሰሶው ወደ ሽቦው ይወጣል፤ ትራሙም ይሄዳል።

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገብቼ አንድ ነገር ልበል። ስለ ኮንግረሱ ውሳኔ፣ ስለ ከተማው ውበት ሲወራ ሰምቼ አንድም ቅር አላለኝም ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ስለተቀመጠው ሰው ሳነብ ግን ስልኩን አስቀመጥኩት። ከላይ ያሉት ሽቦ እንዳያዩ ብሎ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ የትራም ሆድ ሲያይ ይውላል። መሬት ውስጥ ባለ የመኪና ማቆሚያ በስምንት ሰዓት ፈረቃ ስንት ዓመት ትኬት ስቆርጥ ስለኖርኩ ይሆናል።

10. አሥረኛው መልስ ከጋሼ ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ከዚያው ጋራዥ ባስ ሲያወጡ የኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። በተለይ የ52 እና የ54 መስመር። ቁጥሩ ራሱ የትራም ውርስ ነው አሉን። በትራም ዘመን የ14ኛው መንገድ መስመሮች ከ50 ይጀምሩ ነበር፣ የጆርጂያው ከ70፣ የዩ መንገዱ ከ90፤ ትራሙ ሄዶ ባስ ሲመጣ ቁጥሩ በቦታው ቀረ፣ በ2025 አውታሩ ሁሉ አዲስ ስያሜ እስኪሰጠው ድረስ። ጋሼ እንደነገሩን ሌሊት 10 ሰዓት በሩ ላይ ሲደርሱ ክረምት ከሆነ ሕንፃው ውስጥ እንፋሎት ይታያል። አብረዋቸው ቡና የሚጠጡ ጥቁር አሜሪካውያን አዛውንቶች ነበሩ፤ አንደኛው አባቱ በዚህ በር ሹፌር ሆኖ ለመግባት ከለሩ አልፈቀደለትም ነበር ብሎ እንደነገራቸው ጻፉልን።

11. ይህን ተከትሎ አንዱ፣ አዎ ያኔ ጥቁር ሰው ትራም ላይ ከኋላ ነበር የሚቀመጠው አለ።

12. አራተኛዋ እህት በትሕትና አረመችው። ዋሽንግተን ውስጥ አይደለም። በትራም ላይ ጥቁርን መለየት በሕግ የተከለከለው በ1865 ነው፣ የጥቁሮች መብት ታጋይዋ ሶጆርነር ትሩዝ በዚያው ዓመት መብቷን አስከብራ ለመሳፈር ስትል ከአንድ ኮንዳክተር ጋር ተጋፍታ ትከሻዋ ተጎድቷል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲገቡ ግን ሌላ ሕግ ነበር። ስለዚህ እዚህ የነበረው ነገር ከኋላ ከመቀመጥ ይልቅ ረቀቅ ያለ ነው አለች፦ መሳፈር ትችላለህ፣ የፈለግህበት ቦታ ትቀመጣለህ፣ መንዳት ግን አትችልም።

13. ስድስተኛው ሰው ዝርዝሩን ሞላው። ሁለቱ ተፎካካሪ ኩባንያዎች በ1933 ተዋሕደው ካፒታል ትራንዚት ሆኑ። በጦርነቱ ዘመን የሰው ኃይል አጥሮ፣ ነጂ ጠፍቶ እንኳ ኩባንያው ጥቁር ነጂ አልቀጠረም፤ ለመሞከር ሲነሳ ነጮቹ ነጂዎች አናሠለጥንም አሉ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 ያቋቋሙት የቅጥር ፍትሕ ኮሚቴ ጉዳዩን ይዞ በጥር 1945 ችሎት ተቀመጠ። በመጨረሻ ኮሚቴው ትእዛዙን እንዳያወጣ ፕሬዚዳንት ትሩማን አስቆሙት፤ የኮሚቴው አባል የነበሩት ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን፣ የእነ ተርጉድ ማርሻል (በኋላ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት) መምህር፣ ይህን ተቃውመው በታኅሣሥ 1945 ሥራቸውን ለቀቁ። የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ነጂዎች የተቀጠሩት በ1955 ነው።

14. ከዚህ በኋላ አየሩ ተለወጠ። አሥራ አራተኛው ሰው ጥያቄው ስለ ሕንፃ ነበር፣ ይህ የእነሱ ጣጣ ነው፣ እኛ አበሾች ምን አገባን አለ።

15. መልሱ ከኤሌክትሪሺያኑ መጣ፣ ያለ ሰላምታ። አንተ ዛሬ ፈቃድህን ይዘህ የምትሠራው እነማን በሩን ስለከፈቱልህ ነው? ዓይነት ነገር። በመሐሉ የማይደገም ቃል ነበረበት።

16 እና 17 የሉም። አስተዳዳሪው አንስቷቸዋል። ምን እንደነበረባቸው አይቻለሁ፤ ስለ ትራም አልነበረም።

18. ጋሼ ናቸው ያረጋጉን። ልጆች ብለው ጀመሩ፣ ሁለታችሁም በእኔ ዕድሜ ስትደርሱ ትስቁበታላችሁ አሉ። ከዚያ የእኛም ሰው በዚያ ትራም ላይ እንደነበረ አስታወሱን። ዶክተር መላኩ በያን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 ሲመረቁ በዩኒቨርሲቲው በር ትራም ያልፍ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1954 ዋሽንግተን ሲመጡ ትራሙ ነበረ፤ በጥቅምት 1963 ተመልሰው ሲመጡ ግን የለም። እንግዲህ መላኩ ሲሳፈር የሚነዳው ማን እንደነበር አስቡት ብለው አቆሙ። አሥራ አራተኛው ሰው ዝም አለ።

19. አንዷ እህት ርእሱን ወደ ገበያ ወሰደችው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው ዋልማርት የተሠራው የብራይትዉድ ትራም ማደሪያ በነበረበት ቦታ ላይ መሆኑን ታውቃላችሁ ወይ አለች። ማደሪያው በ1909 የተሠራ ነው። በኋላ የመኪና መሸጫ ሆኖ ሲኖር ጣሪያው ውስጥ የድሮው ተሸካሚ ብረት ተደብቆ ነበር፤ በ2011 አፈረሱት። ዘይት ለመግዛት ስሄድ ትዝ ይለኛል ብላለች።

20. ሌላው ደግሞ ኤች መንገድ ላይ በየካቲት 2016 ስለጀመረው ነጻ ትራም አነሳ። ያ የሽቦ ክልከላ እሱንም አላስቀመጠውም ነበር፣ ከላይ ሽቦ ለመዘርጋት የከተማዋ ምክር ቤት በ2010 ሕጉን ማላላት ነበረበት። የሆነ ሆኖ በ2025 ከተማዋ አገልግሎቱን እንደምታቆም አስታወቀች። ሰውየው ነጻ ስለነበር ብቻ ሦስት ጊዜ ተሳፍሮበታል።

21 እና 22 አዲስ አበባ ገቡ። አንዱ ለገሃርም እኮ የድሮ የኤሌክትሪክ ባቡር ማደሪያ ነው፣ ለምን ስለ እሱ አይወራም አለ። ሌላው ቆጣ ብሎ፣ ለገሃር ኤሌክትሪክ አይቶ አያውቅም፣ መጀመሪያ በእንፋሎት በኋላ በናፍጣ ነው የኖረው፤ ኤሌክትሪክ የሆነው ከሰበታ የሚነሳው አዲሱ መስመርና በመስከረም 2015 ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ነው፣ የእሱም ዴፖዎች አያትና ቃሊቲ ናቸው አለው። 23ኛው የቀላል ባቡሩን ወረፋ አማረረ። እዚያ ላይ ሌላ ክር ይከፈት ዘንድ ተለመነ።

24. ትራሙን የገደሉት የመኪናና የጎማ ኩባንያዎች ናቸው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ የታወቀ ሴራ ነው የሚል መጣ። ቪዲዮ አይቷል።

25. ስድስተኛው ሰው እስካሁን ያልታየ ቁጣ አሳየ። ሌላ ከተማ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ይሆናል፣ እዚህ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፣ ቪዲዮ አይተህ አትምጣብኝ አለ። በ1949 ሉዊስ ዎልፍሰን የሚባል የፍሎሪዳ ነጋዴ ካፒታል ትራንዚትን ተቆጣጠረ። ኩባንያው ካዝናው ውስጥ ጥሩ ጥሬ ገንዘብ ነበረው፤ ሰውየው በትርፍ ክፍፍል ስም አወጣው፣ ለደመወዝ ጭማሪ ሲጠየቅ ደግሞ የለኝም አለ። በሐምሌ 1955 ሠራተኛው አድማ መታ፣ ከተማዋ ሰባት ሳምንት ያህል ያለ ትራምና ያለ ባስ ከረመች። ኮንግረስ ተናዶ ፈቃዱን ነጠቀ። በ1956 ሮይ ቾክ የሚባል ሌላ ባለሀብት ዲሲ ትራንዚት ብሎ ተረከበ፤ ፈቃዱ ሲሰጠው ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ትራሙን አጥፍቶ ሁሉንም ባስ እንዲያደርግ ነበር። ቾክ ራሱ ትራሙን ለማቆየት ሞክሯል፣ አልሰሙትም። የመጨረሻው ትራም በጥር 28 ቀን 1962 ሌሊት ሄደ። ከዚያ በኋላ ያ የእኛ ሕንፃ የባስ ብቻ ሆነ፣ በ1973 ሜትሮ ባሶቹን ሁሉ ሲረከብ አብሮ ተረከበው።

ሽቦውን የከለከለው ኮንግረስ፣ ቦዩን ያስቆፈረው ኮንግረስ፣ በመጨረሻም ቦዩ ውድ ነው ብሎ ትራሙን ያስወጣው ኮንግረስ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስድስተኛው ሰው አይደለም።

26. አውሮፓ የሚኖር አንባቢ አንድ ጥሩ ነገር አመጣ። የዋሽንግተን የመጨረሻ ትራሞች ብረት ሆነው አልቀለጡም፤ ከፊሎቹ ባርሴሎና፣ ከፊሎቹ ሳራዬቮ ተሸጠው እዚያ ለዓመታት ሰው አመላልሰዋል። እነሱም እንደ እኛ ተሰደዱ ማለት ነው አለ።

27. ያች ሕንፃ አሁን ምን ልትሆን ነው የሚል ጥያቄ መጣ። ቁጥር 1 መለሰለት፦ የ14ኛው መንገድ ፊቷ እንደነበረ ይቆያል፣ ከኋላ ግን ሙሉ በሙሉ አዲስ እየተሠራ ነው፣ ሲያልቅ 150 የኤሌክትሪክ ባሶች እንዲያድሩበት ታስቧል። 28ኛው፣ እንግዲህ ኤሌክትሪክ ወጣ ኤሌክትሪክ ገባ ብሎ ሳቀ።

29. ግንባታው እስኪያልቅ እሑድ መኪና የት እናቁም? ይህን የጠየቀው ታክሲ ነጂው ነው። ለዚህ የተሰጠው መልስ ከኮንግረሱ ታሪክ ይረዝማል፣ ዘልዬዋለሁ። አንድ ሐሳብ ብቻ ይመዝገብ፦ ከ1 ሰዓት በፊት መምጣት። ማንም አልተቀበለውም።

30. ኤሌክትሪሺያኑ በቅዳሜው ጆርጅታውን ሄዶ ነበር። ኦ እና ፒ በሚባሉት መንገዶች ላይ ሐዲዱ እስከ ዛሬ አለ፣ መንገዱ ሲታደስ ሆን ብለው አስቀርተውታል። ጎንበስ ብሎ አየው፤ ሁለቱ ሐዲዶች፣ መሐላቸው ላይ ያቺ ቀጭን መስመር። እዚያው ጆርጅታውን ኤም መንገድ ላይ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የሚጠቀምበትን የድሮ የትራም ጣቢያም አየ፤ እሱንም፣ ኢስት ካፒቶል ላይ አሁን መኖሪያ ቤት የሆነውንም ማደሪያ የነደፈው የእኛን ሕንፃ ከነደፉት ሦስቱ አንዱ የሆነው ዋዲ ዉድ ነው። በመጨረሻም ሰባተኛውን ወንድም ይቅርታ ጠየቀ፦ ትልም ይመስላል አለ። እውነት ትልም ይመስላል።

31. ሰባተኛው ወንድም ይቅርታውን ተቀበለ። ሞፈሩ ግን አሁንም አልተገኘም አለ።

32. አራተኛዋ እህት ለልጁ ብላ ጻፈችልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ የትራም ሙዚየም አለ። በ2003 እሳት ተነሥቶ ብዙ ትራሞች አጥቷል፣ ግን የዋሽንግተን ትራሞች አሁንም አሉት፣ ሰው ጭነውም ይዞራሉ። ሽቦ ግን ከላይ ነው፣ ቦይ የለም።

ማታ ማታ ክሩን ለልጄ ሳነብለት ነበር። በሬውን ወደደው፣ አድማውን አልወደደውም። ስለ ጉድጓዱ ሰውዬ ሳነብለት ግን አስቆመኝና ጠየቀኝ፦ ማረሻውን ከፈታ በኋላ የት ያደርገዋል? ትራሙ ሲመለስ የራሱን ማረሻ እንዴት ለይቶ ያውቀዋል? አላውቅም አልኩት። ባለፈው ስላልዋሸሁት ያህል ኮራሁ። ጥያቄውን እንዳለ ለጠፍኩት።

33. ስድስተኛው ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለሰ። መለየት አያስፈልገውም። ማረሻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከሚወጣው ትራም ፈቶ ጎኑ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ከዳር የሚመጣው ትራም ማንም ይሁን ማን እሱን ያስርለታል። ልጄ ይህን ሲሰማ፣ ታዲያ ትራሙ ማታ እዚህ ቤት ሲገባ የያዘው የሌላ ሰው ነው ማለት ነው አለኝ።

34. ታክሲ ነጂው ነው። ሙዚየሙ መኪና ማቆሚያ አለው ወይ? አለው፣ ነጻ ነው። አስተዳዳሪው ክሩን የዘጋው ይህን ከመለስኩለት በኋላ ነው።